«የኔ ነው» የሚል ጠፋ

ጥቅምት 6

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ ከወገቤና ከሰው ጠባይ በቀር ምንም አልል። የምትረግጪው መሬት ይደላደልልሽ፣ የምታንኳኪው በር ይከፈትልሽ።

ስልክ እያለ ወረቀት ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። በስልክ ሳወራሽ እናትሽ ሁልጊዜ አጠገቤ ናት፤ ስለሷ የምነግርሽን ደግሞ እሷ ፊት አላወራውም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ፣ ባዳነቱን ልጠብቅላት ብዬ ነው። መቀሴን አስቀምጬ ብዕር አነሳሁ። ዕድሜ ልኩን ልብስ ሲሰፋ የኖረ እጅ ጽሕፈቱ ይኸው ነውና እያነበብሽ አትሳቂብኝ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። እህቴ ዳሌዋን ተሰብራ ብቻዋን መኖር ካቃታት ወዲህ፣ አንቺ እዚያ ሆነሽ በስልክ ያስማማሻቸው ወንድሞችሽ ቃላቸውን ጠብቀዋል። አንድ ሳምንት ትልቁ ጋ፣ አንድ ሳምንት ትንሹ ጋ። እሑድ እኩለ ቀን ላይ ትሸጋገራለች። ሲሰሙት ያምራል። ትናንት የትልቁን ሱሪ ላደርስ ሄጄ ሽግግሩን በዓይኔ አየሁት። እናትሽ ኮቷን ለብሳ፣ ሻንጣዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በሩ ሥር ተቀምጣለች። ምሳ ቀርቧል፣ እሷ አልተጠራችም። «እዚያ ስትደርስ ትበላለች» አለችኝ የወንድምሽ ሚስት። ትንሹ ጋ ብደውል «በልታ አይደል እንዴ የምትመጣው?» አለኝ። እናትሽ ከሶፋው ከተነሳች ደግሞ ሚስትየዋ የሚረጭ የቤት ሽቶ ጣሳ አንስታ የተቀመጠችበት ላይ ፍስስ ታደርጋለች። የሎሚ ሽታ ነው አሉ። እኔን ያስመለሰኝ ሎሚው ነው።

ልብሷን የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ እንዲያ ተጨማዶ ሳየው እጄን በላኝ። ለምን አትሰቅይውም ብላት «የት ልስቀለው? ሚስማሩ ሁሉ የሰው ነው» አለችኝ። ሁለቱም ቤት ሻንጣዋን ፈትታ አታውቅም። ከሱቄ ጀርባ ባለችው ክፍል ውስጥ ሰው አሰፍቶ ያልወሰደው ልብስ እንኳ መስቀያ አለው።

ደንቡን ያወጣሽው አንቺ ነሽ፤ እስቲ አንድ ነገር በያቸው።

አጎትሽ


ኅዳር 4

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። ወገብዎን እግዜር ይማርልኝ። ለሰው ጠባይ ግን መድኃኒት የለውም፤ እኔም እዚህ ፈልጌ አጥቻለሁ። መልሴ ስለዘገየ አይቀየሙኝ።

ለሁለቱም ደውያለሁ። ትልቁ «ምሳዋ የሱ ነው» አለ፤ ትንሹም እንዲሁ አለ። ስለዚህ ደንቡን አሻሻልኩት፦ እማዬ የምትሸጋገረው ምሳ ከበላች በኋላ ብቻ ነው። ተስማምተዋል። ከሩቅ ሆኖ ከዚህ በላይ ምን ይደረጋል?

እኔም ያለሁበት ቦታ ከርስዎ እሑድ አይሻልም። ድርጅታችን ለሕሙማን ቤት አልጋና ተሽከርካሪ ወንበር ያከራያል። ባለፈው ዓመት አንድ ትንሽ ድርጅት ገዝቶ ዋጠ። የኔ ሥራ ኢሜይሉን ማስተዳደር ነው። ሕንፃው ውስጥ ደብዳቤ የሚቀበሉ ሁለት ማሽኖች አሉን፣ ሰርቨር እንላቸዋለን። አንዱ የኛው ነው፣ ላይ ፎቅ። ሌላው የተዋጠው ድርጅት ንብረት ነው፤ ምድር ቤት፣ ከመወልወያና ከተሰበሩ ወንበሮች ጋር ተቆልፎበታል፣ ክፍሉ እርጥብ ጨርቅ ይሸታል። ከውጭ የሚመጣ ደብዳቤ ሁሉ በላይኛው በኩል ይገባል። እኔ የአድራሻውን ጭራ፣ ዶሜይን የምንለውን የድርጅቱን ስም አይቼ ይሄ ወደዚህ፣ ያ ወደዚያ እያልኩ መንገድ አወጣለሁ። የድሮውን ድርጅት ስም የያዘ ሁሉ ወደ ምድር ቤቱ ይለፍ ብዬ ጻፍኩ። አንዲት መስመር ናት፣ እንከን የላትም።

ታዲያ የድሮው ድርጅት ደንበኞች «ጽፈን መልስ አጣን» እያሉ በስልክ ይጮኹብናል። አለቃዬን ከረሜላ ብለን ነው የምንጠራው፤ ከአፉ አይጠፋም። ሲናገር ከጥርሱ ጋር እያንቃጨለ፣ ምራቁን እየሳበ ነው። «የምድር ቤት ጣጣ ነው፣ አትንኪው» አለኝ። ድምፁን ሰምቼ ወደ ጠረጴዛዬ ስመለስ እጄን ታጠቢ ታጠቢ ይለኛል።

እማዬን ይሳሙልኝ።

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 23

ይድረስ ለልጄ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን፤ ዓይንሽን ከዚያ ማሽን ያሳርፍልሽ።

አዲሱ ደንብሽ ሥራ ላይ ውሏል፣ ደስ ይበልሽ። ከምሳ በኋላ ነው ያልሻቸው? እነሱም እሑድ ረፋዱ ላይ፣ ቁርሷ ገና ሳይወርድ፣ የትናንት ፓስታ ቁርስ በበላችበት ሳህን ላይ ገልብጠው «በይ ምሳሽ» ይሏታል። ሳህኑ ላይ የቁርሱ ዕንቁላል ደርቆ ነበር። ሦስት ጉርሻ ዋጥ ስታደርግ ታክሲ ይጠራል። ደንቡ ተከብሯል! ምን ብለሽ ትከሻቸዋለሽ?

ትንሹ ጋ ደግሞ ሳሎን ሶፋው ላይ ነው የምትተኛው። ልጆቹ ቴሌቪዥናቸውን እስኪጨርሱ እንቅልፏን በዓይኗ ይዛ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። አስተማሪ ነኝ ብሎ ስለ ሰው ልጅ ክብር የሚያስተምር ሰው! ሳየው ምራቄ ይመርረኛል።

ስለ ሥራሽ የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። «ወደዚያ ይለፍ» ማለትማ ወንድሞችሽም ተክነውበታል፣ ያውም ደመወዝ ሳይከፈላቸው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሁለቱም አልቀበልም ያሉት ደብዳቤ መጨረሻው ምንድን ነው?

አጎትሽ


ታኅሣሥ 17

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? የእጅዎን ሥራ ይባርክልዎ፣ መርፌዎ አይሰበር።

ጥያቄዎ ከወንበሬ አስነሳኝ። የከረሜላን «አትንኪው» ረስቼ ምድር ቤት ወረድኩ። ምን አገኘሁ መሰልዎት? ድርጅቱ የተዋጠ ጊዜ የሆነ ሰው የታችኛውን ሰርቨር «የድሮው ስም ከእንግዲህ ያንተ አይደለም፤ ያንተ ያልሆነውን ሁሉ ወደ ላይ መልስ» ብሎታል። ላይኛውን ደግሞ እኔ «ወደ ታች አሳልፍ» ብዬዋለሁ። ደብዳቤው ይወርዳል፣ ይወጣል፣ እንደገና ይወርዳል። ባለፈ ቁጥር ማኅተም ይመታበታል። ማኅተሙ ሲበዛ ማሽኑ ይታክተውና «ብዙ ተንከራቷል፣ ተቀባይ አልተገኘም» የምትል ብጣሽ አክሎ ለላኪው ይመልሰዋል። የጥያቄዎ መልስ ይሄ ነው።

ከተመለሱት መካከል የአንዲት ሴትዮ አለ። ባሏ የሚተኛበት አልጋ ራስጌው ወደ ላይ እንደቆመ አልወርድ ብሏል። «ባለቤቴ ተቀምጦ ነው የሚያድረው፣ አንገቱ እየወደቀ ነው» ትላለች። ብጣሿ በተመለሰችላት ቁጥር እንደገና ትጽፋለች፣ እያደር ትሕትናዋ እየጨመረ። መጨረሻ ላይ ይቅርታ መጠየቅ ጀመረች።

ስብሰባ አስጠራሁ። ከረሜላና የምድር ቤቱ ኃላፊ ኬክ ይዘው መጡ። ነገሩ ቀላል ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ሰርቨር «ይህ ስም የኔ ነው» ብሎ መቀበል አለበት፣ አለቀ። ነገር ግን ስሙን የተቀበለ ክፍል የደንበኞቹን እሮሮም ይቀበላል። ስለዚህ ኬኩን እየቆረሱ ስሙን ይገፋፉ ጀመር። ከረሜላ የክሬም እጁን በስብሰባው ወረቀት ጠረገና «መንገዱ ትክክል ነው አይደል? እንግዲያ እኛ ጋ ችግር የለም» አለ። ታችኛውም የኛም ልክ ነው አለ። የሚያናድደው ሁለቱም አልዋሹም። የኔንም መስመር ደግሜ አየኋት፣ ስሕተት የላትም።

እማዬን በስልክ አግኝቻት ነበር። ደህና ነኝ ብላኛለች።

የእህትዎ ልጅ


ጥር 11

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላምታዬ ይቆይሽ፣ ተናድጃለሁ።

ያለፈው እሑድ ትልቁ ወንድምሽ እናትሽን ታክሲ ላይ ጭኖ፣ ቤቱን ቆልፎ ሠርግ ሄደ። ትንሹ ደግሞ «ሳምንት ተለዋውጠናል» ብሎ አምኖ፣ ከነቤተሰቡ አማቶቹ ዘንድ ሄዷል። ማን ከማን ጋር እንደተለዋወጠ እስካሁን አልታወቀም። ታክሲው ትንሹ በር ላይ ሲደርስ ዘበኛው «እዚህ አይደሉም» አለ። ሹፌሩ ትልቁ ቤት መለሳት። የዚያኛው ዘበኛ «ወጥተዋል ነው የተባልኩት፣ አላስገባም» አለ። እንደገና ወደ ትንሹ። እንደገና ወደ ትልቁ። ያለወቅቱ የመጣ ዝናብ ነበር። መሐል ላይ ሽንቷን መያዝ አቃታት። ሹፌሩ የተባረከ ሰው ነው፣ ጋዜጣ አነጠፈላትና «እማማ፣ የማን ነዎት?» አላት። «ሁለት ወንዶች ልጆች አሉኝ» አለችው። እንዲህ ብላ መለሰች፣ ኩራቷን አየሽልኝ?

መጨረሻ ላይ ሹፌሩ የኮቷን አንገት ገልብጦ የሰፋሁባትን ጨርቅ አነበበ፤ የሱቄ ስምና መንገዱ የተጻፈባትን። ሱቄ በር ላይ አምጥቶ አወረዳት። ሻይ ሰጠኋት፣ ቀሚሷን ቀየረች። ወንድሞችሽንም ደውዬ ልክ ልካቸውን ነገርኳቸው። ትልቁ «ግንኙነቱ ላይ ክፍተት ነበር» አለኝ። ክፍተት! እናቱ በዝናብ ስትንከራተት ክፍተት ይላል። ስልኩን በጨርቅ ጠረግኩት፣ እውነቴን ነው።

አንቺስ? መስመርሽ ስሕተት የላትም፣ አይደል? ደንብሽም የላትም። ሁላችሁም ልክ ናችሁ፣ እናታችሁ ታክሲ ላይ ናት። የባዕድ አልጋ አልወርድ አለ ብለሽ ታለቅሻለሽ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች።

አጎትሽ


ጥር 30

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ፣

ጤናዎን ይስጥልኝ። ስድብዎ ደርሶኛል፣ ይገባኛልም። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። አንዱ ጋ፣ ከዚያ ሌላው ጋ አልኩ፤ «እኔ ጋ» የምትል ቃል ደንቤ ውስጥ አልነበረችም።

ደብዳቤዎን ቢሮ ነው ያነበብኩት። ከረሜላ ኋላዬ ቆሞ ያንቃጭላል። አጥፌ ኪሴ ከተትኩና ላይኛው ሰርቨር ላይ ገብቼ «ይህ ስም የኔ ነው» የሚለውን ጻፍኩ። ማንንም አላስፈቀድኩም። በድሮው ስም ለማንም ይምጣ ለማን፣ ሁሉም የኔው የደብዳቤ ሣጥን ውስጥ እንዲወድቅ አደረግኩ። ወዲያው ይወርድ ጀመር። አምላኬ! የሚጮኸው፣ የሚሳደበው፣ የሚለምነው። የሴትዮዋም እዚያው ውስጥ ነበር፣ አዲስ የጻፈችው። ጥገና ክፍል ራሴ ሄጄ ሠራተኛ ካልላካችሁ ከዚህ አልነሳም ብዬ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ምን እንደሚያደርጉኝ ገና አላውቅም።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅዎ፣ ይፍቀዱልኝ። «ሻይ ሰጠኋት፣ ቀሚሷን ቀየረች» ብለው ጻፉና ወደ ወንድሞቼ ስድብ ተሻገሩ። ከሻይ በኋላስ? ያን ዕለት እማዬ የት አደረች? እሷኑ ጠየቅኳት። «አጎትሽ ጥሩ ሰው ነው፣ ሌላ ታክሲ ጠራልኝ» አለችኝ።

አጎቴ፣ አንገቷ ላይ አድራሻ የሰፉት እርስዎ ነዎት። ሹፌሩ አንብቦ፣ እንደ ላኪዋ ቆጥሮ ወደርስዎ መለሳት። እርስዎም አሳለፏት። እስካሁን በጻፉልኝ ደብዳቤ ሁሉ ውስጥ ስለ ሽቶው፣ ስለ ፓስታው፣ ስለ ሶፋው አንብቤያለሁ፤ «ወደኔ ትምጣ» የሚል ግን አንድ ቦታ አላየሁም። ከሱቅዎ ጀርባ ያለችው ክፍል አልጋ ታስገባለች። ሰው ላልወሰደው ልብስ መስቀያ አለ ያሉኝ እርስዎ ነዎት።

ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ። ሁላችንም አስጠልተናል፣ እኔ አስቀድሜ።

የእህትዎ ልጅ


የካቲት 14

ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሥራ በዝቶብኛል።

አጎትሽ


የካቲት 29

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። አጭር ደብዳቤዎን ትራሴ ሥር አስቀምጫለሁ። ተቀይመውም ቢሆን ይኑሩልኝ።

እዚህ የሆነውን ልንገርዎ። የሰርቨሮቹን ቁልፍ ነጠቁኝ። ከረሜላ ሁሉም ሰው ፊት «ሥርዓት የሌላት» አለኝ፤ ከረሜላው ከአፉ ወድቆ ጠረጴዛው ላይ ተንከባለለ፣ አንስቶ መልሶ ጎረሰው። አሁን ምድር ቤት፣ ከመወልወያዎቹ ጋር ተቀምጬ የድሮዎቹን ደንበኞች ደብዳቤ እመልሳለሁ። ቅጣት መሆኑ ነው። የጻፍኳትን ቃል ግን አልሰረዙም፤ ቢሰርዙ እሮሮው እንደገና በስልክ እነሱ ላይ ሊወርድ ነዋ!

የሴትዮዋ አልጋ ወርዷል። «ባለቤቴ በጀርባው ተኛ» ብላ ጻፈችልኝ፣ ሌላ ምንም አልጨመረችም። አነበብኩና እርጥብ ጨርቁ መሐል ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

እማዬ አሁን የማን ሳምንት ላይ ናት?

የእህትዎ ልጅ


መጋቢት 20

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ምድር ቤቱ እንዳያሳምምሽ ደረትሽን ሸፍኚ። ያሰብሽው ይሙላልሽ፤ ምላስሽን ግን ትንሽ ያሳጥርልሽ።

ያን ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ ወደ ቆሻሻ ጣልኩት። ከዚያ አነሳሁት። ከዚያ የሰው ሱፍ ስቆርጥ አበላሸሁ። ሌላም አበላሸሁ። ለወንድሞችሽ የነበረኝ ጥላቻ ሁሉ ዞሮ ራሴ ላይ መጣ፤ ጠዋት መስታወት ፊት ስቆም የምጠላው ሰው እዚያ ቆሞ ይጠብቀኛል። ላንቺ ግን አልጻፍኩም፤ በአፍ ብቻ የሚባል ነገር በቅቶኝ ነበር።

የኋላውን ክፍል አጸዳሁ። ሰው ያልወሰደውን ልብስ ለሚለብሰው ሰጠሁ፣ አልጋ አስገባሁ። እሑድ እኩለ ቀን ላይ ትልቁ ቤት ሄድኩ። እንደ ልማዷ ኮቷን ለብሳ፣ ሻንጣዋን ታቅፋ በሩ ሥር ተቀምጣለች። «ተነሽ» አልኳት። «ማን ጋ ነው?» አለች። «እኔ ጋ።» «እስከ መቼ?» አለችኝ። ተናደድኩና «እስክትሰለቺኝ» አልኳት። «እኔስ ከልጅነትህ ጀምሮ ሰልችተኸኛል» ብላ እጇን ሰጠችኝ። ሚስትየዋ ጣሳዋን ስታነሳ ሰማሁ፤ ዞር ብዬ አላየሁም።

አትሸወጂ፣ ቀላል አይደለም። ታኮርፋለች። የስፌት መኪናዬ ድምፅ አስጠላኝ ትላለች። ደንበኛ ፊት «ይሄ እጅጌ ጠሟል» ብላ ታዋርደኛለች፤ መጥመሙ ደግሞ እውነቷን ነው። ወንድሞችሽ ብርቱካን ይዘው መጥተው ነበር። ደጁ ላይ አቁማ፣ ብርቱካኑን ተቀብላ «እግራችሁን ጥረጉ» አለቻቸው።

ሻንጣዋን ግን አልፈታችም። አልጋው ሥር ከትታው ቆየች። ባለፈው ሰኞ ጠዋት ግን «መዶሻ አለህ?» አለችኝ። ግድግዳው ላይ ሚስማር መታሁላት። ቀሚሷን አውጥታ፣ አራግፋ፣ በእጇ ዳበስ ዳበስ አድርጋ ሰቀለችው። አየት አደረገችና «አንድ ጨምር» አለች። ጨመርኩ።

ሁለተኛው ሚስማር ባዶውን ነው። ትናንት ኮቴን ሰቀልኩበት። ብድግ ብላ አወረደችው። «የሰው ነው፣ ልጄ ስትመጣ የት ልትሰቅል ነው?» አለችኝ።

አጎትሽ